ከሠላሳ ካሬ በታች

አክስቴ ያን ዕለት ጠዋት መስኮት ቁጥር ሦስት ፊት ቆማ፣ ከጀርባዋ ሃያ ሰው ተሰልፎ፣ «እዚህ መሥሪያ ቤት የሚያውቅዎት ሰው አለ?» ተብላ ስትጠየቅ ለምን «የለም» አለች? እኔ ከመስኮቱ በስተጀርባ፣ ከእሷ አምስት እርምጃ በማይሞላ ርቀት፣ ከኮምፔንሳቶ ግርዶሹ ማዶ ተቀምጬ ነበር። ድምፄን አልሰማችም እንዳልል፣ ከአንድ ደቂቃ በፊት ወረቀት ስለዋጠው ማተሚያ ጮክ ብዬ እየተነጫነጭኩ ነበር። ጠረጴዛዬ የት እንደሆነም ታውቃለች። ሥራ የጀመርኩ ሰሞን ከእናቴ ጋር መጥታ ወንበሬን በመዳፏ ዳብሳ፣ ስፌቱን አገላብጣ አይታ፣ «ጨርቁ ጥሩ ነው፣ ክሩ ግን ሌባ ነው» ብላ ሁላችንንም አስቃን ነበር።

አሁን ድምፅዋ ውስጥ ሳቅ የሚባል ነገር አልነበረም። መዝጋቢዋ በየቀኑ ለመቶ ሰው በምትናገርበት በዚያ በለዘበ፣ በደከመ ድምፅ ታስረዳታለች።

«እናት፣ ባለፈውም ነግሬዎታለሁ። ካርታው ላይ የሉም።»

«እኔማ አለሁ። ይኸው ቆሜያለሁ።»

«እርስዎ አሉ፤ ቤትዎ ነው የሌለው። ቅሬታ ለማስገባት አዲሱ የይዞታ ቁጥር ያስፈልጋል። ቁጥር ያለው ደግሞ ካርታው ላይ ያለ ቤት ነው።»

«ቤቴ ጠፋ ብዬ ለመክሰስ የጠፋውን ቤት ቁጥር ላምጣ?»

«ደንቡ ነው፣ እናት። ዛሬ የመጨረሻው ቀን ነው፤ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል። የሚከታተልልዎት ዘመድ ወይ ወኪል ካለ ልመዝግብልዎት። እዚህ መሥሪያ ቤት የሚያውቅዎት ሰው አለ?»

«የለም።»

«ዘመድስ?»

«ዘመድም የለም ብለሽ ጻፊ።»

የኮምፒውተሩ ቁልፎች ሲንኳኩ ሰማሁ። ተነሣሁ። ከእኔ ጠረጴዛ ወደ ሕዝቡ አዳራሽ ለመውጣት ግን ሁለት በር፣ አንድ ረጅም ኮሪደርና የትም ለመግባት መታወቂያ የሚጠይቅ አንድ ዘበኛ አለ። አሠራሩ ባለጉዳይ ወደ እኛ እንዳይደርስ የታሰበ ነው፤ እኛም ወደ ባለጉዳይ እንደማንደርስ ያን ዕለት ነው የገባኝ። ስደርስ ቦታዋ ላይ አንድ ሽማግሌ ቆሞ መነጽሩን ይፈልጋል። አክስቴ ሄዳለች።

ተመልሼ ኮምፒውተሬን ከፈትኩ። የከተማችን ካርታ፣ አርባ ሺህ ይዞታ፣ እያንዳንዱ በቀይ መስመር ታጥሮ። ባሕር ተሻግሬ አምስት ዓመት የተማርኩት ይህንኑ ነው፤ ከአውሮፕላን በተነሣ ፎቶ ላይ የሰውን አጥር እየተከተሉ ማስመር፣ መስመሩን ከመዝገብ ጋር ማጋባት። ስመለስ ማዘጋጃ ቤቱ የሚምል የሚገዘተው በእኔ ሆነ። የሥራ ባልደረቦቼ «ሳተላይት» አሉኝ፤ ግማሹ ሙገሳ ነው፣ ግማሹ ሽሙጥ። ሁሉን ከላይ ያያል ለማለት። የአክስቴን ሰፈር ፈልጌ አቀረብኩት። የብረታ ብረት ነጋዴው ሰፊ ግቢ አለ፤ ዳቦ ቤቱ አለ። በመካከላቸው የነበረችው የአክስቴ ቤት የለችም። ቀዩ መስመር ነጋዴውንና እሷን አንድ ላይ ጠቅልሎ ዳቦ ቤቱ ግድግዳ ላይ ይቆማል። ከመስመሩ ሥር ያለው ፎቶ ላይ ግን የቆርቆሮ ጣሪያዋ፣ ቀጥ ያለና ረጅም፣ እንደ ማስመሪያ ተጋድሞ ያብለጨልጫል። አርባ ሺህ ጣሪያ ሳይ ከርሜ፣ የአክስቴን ቤት አንድ ቀን እንኳ ከላይ ፈልጌ አላየሁትም ነበር።

እንዴት እንደጠፋች ለማወቅ ብዙ አልደከምኩም፤ ያጠፋኋት እኔ ነኝ። ሁለት ሠራተኞች ሁለት ጎረቤት ግቢዎችን ሲስሉ መስመሮቻቸው ልክ አይገጥሙም፤ በመካከል ቀጭን ክፍተት ይቀራል፣ እንጨት ሲፈለጥ እንደሚወጣ ስንጥር። ቢሮ ውስጥም ስንጥር ነው የምንለው። ስንጥር መሬት አይደለም፤ የሰው እጅ መንቀጥቀጥ ነው። አንድ በአንድ መልቀሙ የወራት ሥራ ስለሆነ ፕሮግራሙን ታዘዋለህ፤ ከዚህ ስፋት በታች የሆነ ቀጭን ነገር ካገኘህ፣ ረጅሙን ድንበር ከሚጋራው ጎረቤት ጋር ቀላቅለው። ትእዛዙን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሠላሳ ካሬ ሜትር አልኩ። ለምን ሠላሳ? መጽሐፍ ላይ አላነበብኩትም፣ ማንንም አልጠየቅሁም። ሙሉ ቁጥር ነው፤ ምሳ ሰዓትም ደርሶ ነበር። አንድ ጊዜ ተጫንኩ፣ መቶ አርባ ሦስት ስንጥር ባሥራ አንድ ሰከንድ ጠፋ፣ ኃላፊዬ ከኋላዬ ቆሞ አጨበጨበ። ረጅሙን ድንበር የሚጋራ ጎረቤት ይውሰድ የሚለውን ሕግ ደግሞ ያን ጊዜ ጤነኛ ሕግ ብዬው ነበር። አሁን ሳስበው፣ ትልቁ ግቢ ትንሿን ቤት ይዋጣት ማለት ነው። ይህን ለመማር ባሕር መሻገር አያስፈልግም ነበር፤ እዚሁ ማንም ያስተምረኝ ነበር።

የድሮውን ቅጂ ከፍቼ መቶ አርባ ሦስቱን አንድ በአንድ ፎቶው ላይ እያስቀመጥኩ አየሁ። መቶ ሃያ አራቱ እውነትም የእጅ መንቀጥቀጥ ናቸው፤ አጥር፣ ቦይ፣ የግንብ ውፍረት። አሥራ ዘጠኙ ላይ ግን ጣሪያ አለ። አንዱ ላይ የተሰጣ ልብስ ሁሉ ይታያል። ሳይቀላቀሉ በፊት ሲስተሙ ለእያንዳንዳቸው የሰጠውን አዲስ ቁጥር በአንድ ወረቀት አትሜ ወደ ኃላፊው ገባሁ። ኃላፊው ክፉ ሰው አይደለም፤ ይህን የምለው እንዲታዘንለት አይደለም። ሻዩን እያማሰለ ሰማኝ።

«አሥራ ዘጠኝ ከአርባ ሺህ» አለ። «ከመቶ ግማሽ እንኳ አይሞላም። አንተ ራስህ ከመቶ ሁለት ስህተት ይፈቀዳል ብለህ አላስተማርከንም?»

«የመስመር ስህተት ነው ያልኩት። እነዚህ ቤቶች ናቸው።»

«ካርታው ነገ ጠዋት ምክር ቤት ይገባል። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት በመስኮት ቅሬታ የገባበትን ይዞታ ለይተን እናቆያለን። በመስኮት ያልመጣውን ግን እኔም አንተም አንነካም።»

«ቁጥር ስለሌላቸው እኮ ነው በመስኮት ያልመጡት።» ከዚያ ዋናውን ነገርኩት። «አንዷ አክስቴ ናት።»

ማማሰሉን ተወ። «እንዲያማ ከሆነ ጭራሽ እንዳትነካው። በዘመድ አዝማድ ተሠራ እንዳንባል አይደል ይህን ሁሉ ሲስተም የዘረጋነው? ከፈለገች እንደ ማንኛውም ሰው በመስኮት ትምጣ፤ ካልሆነላት ዘመድ ወይ ወኪል ይምጣላት። ለሁሉም ክፍት ነው።» የሻዩን ብርጭቆ ወረቀቴ ላይ አስቀመጠው። ስወጣ የብርጭቆው ክብ አራት ያህል ቁጥሮችን አርሷል።

ሌላ ቅጂ አትሜ በአዳራሹ ግድግዳ፣ ሠላሳ ቀን ተለጥፎ ከከረመው ካርታ ጎን በፕላስተር ለጠፍኩት። «እነዚህ ቤቶች በስህተት ጠፍተዋል፤ ባለቤቶቹን የሚያውቅ ይንገርልን» ብዬ ከላይ በእጄ ጻፍኩበት። ከበሩ ሳልወጣ ዘበኛው ነቅሎ እያጠፈው ነበር። «ማኅተም የለውማ፣ ጌታዬ» አለኝ፤ እንደ መምከር አድርጎ።

በታክሲ መንገድ ላይ ያለፈው እሑድ ትዝ አለኝ። እናቴ ቤት ምሳ ላይ አክስቴ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ነበር። ሳህን ታቀብለኛለች፣ ውኃ ትቀዳልኛለች፣ ዓይኔን ግን አታየኝም። እናቴ አንዴ እኔን አንዴ እሷን ታያለች፣ አፏን ትከፍትና በጉርሻ ትዘጋዋለች። ሁለቱ እኅትማማቾች የተኳረፉ መስሎኝ ነበር፤ እኔም በሴቶች ነገር አልገባም ብዬ፣ ለራሴ እንደ ጨዋ ቆጥሬው፣ ስልኬን ስነካካ ዋልኩ። አንድ ሰው «ምን ሆናችኋል?» ቢል የሚያልቅ ነገር ነበር። ማንም አላለም። እኛ ቤት ዝምታ እንደ ሥርዓት ነው የሚቆጠረው።

ከነጋዴው ግቢ ፊት ለፊት ብሎኬት ተራግፏል። ነጋዴው እጁን እያራገፈ ከበሩ ወጣና፣ እኔን ሲያይ ፊቱ በራ።

«ኢንጂነር! እግዜር ይስጥልኝ። እንዲህ የተማረ ልጅ ነው ለአገር የሚያስፈልገው» አለ፣ እስከ ዳቦ ቤቱ በሚሰማ ድምፅ። «ጥርት ያለ ካርታ። መጋዘኔን እስከ ዳቦ ቤቱ ግድግዳ ማድረስ እችላለሁ አሉኝ።»

«በመካከል ሰው ይኖራል። ሠላሳ ዓመት ሰላም ብለዋታል።»

«ዛሬም ሰላም እላታለሁ! እኔ አልወሰድኩባትም፣ ተሰጠኝ። ከሲስተም ጋር ልጣላ?» ትከሻዬን መታ አደረገኝ። «እንደውም ለእሷም የነገርኳት ያንተን ሥራ ነው። ካርታው ላይ ስምህን አሳየኋት። ደስ ይላታል ብዬ።»

ይህን ሲል እውነቱን ይሁን እያላገጠ አላወቅሁም። የአክስቴ በር ከሱ በር ሦስት እርምጃ ነው፤ ተከፍቶ ነበር። የሰማች መሆኗን ያወቅሁት የስፌት መኪናዋ ድምፅ ቆም ስላለ ነው።

የአክስቴ ቤት ቤት ሳይሆን ኮሪደር ይመስላል። አንድ ሰው ክንዱን ቢዘረጋ ሁለቱን ግድግዳ ሊነካ ምንም አይቀረው፤ ርዝመቱ ግን እስከ ጓሮው ይሄዳል። ከበሩ ጀምሮ የስፌት መኪናው፣ ቀጥሎ በግራ ግድግዳ በኩል ረጅሙ የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ ከጠረጴዛው ማዶ አልጋው፣ ከአልጋው ማዶ በመጋረጃ የተከለለች ምድጃ። አክስቴ መጋረጃ ሰፊ ናት። የሆቴልና የአዳራሽ መጋረጃ፣ አንድ ወጥ ሆኖ የሚቆረጥ፣ እዚህ ቤት ውስጥ ነው ሳይታጠፍ የሚዘረጋው። ደንበኞቿ የመስኮታቸውን ፎቶ በስልክ ይልኩላታል፤ ስልኩ ሁልጊዜ መኪናው ላይ ተደግፎ፣ ዓይኗ ሥር ይቆማል። ጠረጴዛው ሥር በከረጢት በከረጢት ቁርጥራጭ ጨርቅ አለ፤ አንድም አትጥልም፤ ትራስ ይሆናል፣ የሕፃን ልብስ ይሆናል፣ ምንም ካልሆነ የመኪናው ዘይት ይጠረግበታል።

«ይግቡ» አለችኝ። «ይቀመጡ፣ ወንበር አለ።»

ዳይፐሬን የቀየረች ሴት አንቱ አለችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

«አክስቴ፣ ተይ እንጂ። ጠዋት እዚያ ነበርኩ። ሰምቼሻለሁ።»

«እኔም ሰምቼዎታለሁ። ማተሚያው ተሠራ?»

ቁጥሯን ማግኘቴን፣ ስንጥሩን፣ ሠላሳውን ሁሉ ባንድ ትንፋሽ ነገርኳት። ሰማችኝና ከአንገቷ ላይ የስፌት ሜትሯን አውልቃ አንዱን ጫፍ ሰጠችኝ። ልጅ ሳለሁ ያን ሜትር አንገቴ ላይ አጥልቄ ሐኪም ነኝ እያልኩ ነበር የምጫወት። ከበሩ ጀምረን ለካን። ሜትሩ አንድ ከሃምሳ ነው፤ እሷ ጠመኔ ታሰምራለች፣ እኔ እየሄድኩ ጫፉን አስጠጋለሁ። ዘጠኝ ጊዜ፣ ከዚያ አሥር ሳንቲ። በጎን አንድ ጊዜ፣ ከዚያ ስድሳ። ስልኬን አውጥቼ ላባዛ ስል ቀደመችኝ።

«ሃያ ስምንት ከሃምሳ ስድስት» አለች። «ሠላሳ ለመሙላት አንድ ከአርባ አራት ጎድሎኛል። የአንድ ወጥ ቤት መጋረጃ ነው።» ሜትሩን ጠቀለለች። «በወጥ ቤት መጋረጃ ነው ቤቴን የወሰዱብኝ።»

«ሳላውቅ ነው፣ አክስቴ። በሞተው አባቴ፣ ያንቺ ቤት መሆኑን አላወቅሁም። አይቼ አይደለም።»

ያን ጊዜ ቀና ብላ አየችኝ፤ ከስንት ሳምንት በኋላ መሆኑ ነው። አንቱታውም ወደቀ።

«እኔ እኮ ሦስት ሳምንት ሙሉ አውቆ ነው ብዬ ነበር» አለች። «ሰውየው ስምህን ካርታው ጥግ ላይ ሲያሳየኝ፣ ልጄ ምን ብዬው ነው፣ ምን በድዬው ነው እያልኩ ሌሊት ሌሊት ሳስብ ነበር። እናትህንም ዝም በይ፣ ሥራው ነው፣ የታዘዘውን ነው አልኳት። እዚያ መስኮት ላይ ዘመድ አለኝ ብል የማፍረው እኔ ነኝ፣ ወይስ የምታፍረው አንተ? ማንም አይፈር ብዬ የለም አልኩ። አሁን ደግሞ ሳላየው ነው ትለኛለህ።» ሳቅ የሚመስል ትንፋሽ ከአፏ ወጣ። «ይሄ ይብሳል። አውቆ የሚጎዳኝ ሰው ቢያንስ አይቶኛል።»

ብዙ መልስ ነበረኝ፣ ሁሉም የቢሮ መልስ ነበር። በመጨረሻ፣ ሰዓቱ ዘጠኝ ተኩል ማለፉን፣ አብረን ሄደን ቅሬታውን እንድናስገባ፣ ቁጥሩ ኪሴ ውስጥ መሆኑን ነገርኳት።

«ሦስት ጊዜ ሄጃለሁ» አለች። «ለአራተኛ ጊዜ አልቆምም። አንተ የሰበርከውን አንተ ጠግን።»

መኪናዋ ላይ ተቀምጣ እግሯን መርገጫው ላይ አደረገች። ልስማት ጎንበስ ስል መርፌው ተነሣ፤ ድምፁ በመካከላችን ገባ። ወጣሁ።

አሥር ሰዓት ከአርባ ላይ መስኮት ቁጥር ሦስት ደረስኩ፤ በሕዝቡ በኩል፣ በሰልፉ። ከፊቴ አራት ሰው ነበር። የቅሬታ ቅጹን ከበሩ ውጭ ኮፒ ከሚያነሣው ልጅ በሁለት ዳቦ ዋጋ ገዛሁት፤ ውስጥ በነፃ ይታደላል፣ ግን አልቋል። «የአመልካቹ ዝምድና» በሚለው መስመር «የእህት ልጅ» ብዬ ሞላሁ። «የስህተቱ ምክንያት» የሚል ቦታም ነበር፤ ጠባብ ነው፣ የእኔን ስም ለመጻፍ ግን በቃ።

መዝጋቢዋ ከመስታወቱ ማዶ ስታየኝ ደነገጠች። «ሳተላይት? ምነው በዚህ በኩል?» ቅጹን አነበበች፤ ቁጥሩን አስገባች። አንገቷን ቀና አደረገች። «ያወጣዋል! አልጠፋም ማለት ነው፣ ተቀላቅሏል ይላል። ቅሬታም ይቀበላል።» ደስ ብሏት ነበር፤ እውነቴን ነው፣ ከልቧ ነበር። ከዚያ እጇ ቆመ። «ግን እኮ… እኒያ እናት ናቸው። ጠዋት ዘመድ የለኝም ብለው አስመዝግበዋል። ይኸው፣ ዘመድ የለም፣ ወኪል የለም። ሌላ ሰው ሲያስገባ ይዘጋብኛል።»

«አንቺው ነሽ የጻፍሽው። አንቺው አጥፊው።»

«የቤቱ ባለቤት ራሳቸው ካላሉ አልችልም። ይምጡ።»

«አትመጣም።»

ሰዓቱን አየች። ከኋላዬ አንድ ሰውዬ «ውስጥ ያሉት ደግሞ እኛ ጋ ይሰለፉ ጀመር?» እያለ ለሰልፉ ያሽሟጥጣል። መዝጋቢዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ወደ መስታወቱ ቀዳዳ ተጠጋች።

«በስልክ እንኳ ይጻፉልህ። አንድ ቃል። ዘመዴ ነው ይበሉ፣ ፎቶ አንሥቼ አያይዘዋለሁ፤ ከተጠየቅኩ እኔ እጠየቃለሁ። ስምንት ደቂቃ አለህ።»

ደወልኩ። ጠራ፣ ጠራ፣ አላነሣችውም። የስፌት መኪናው ድምፅ ይሆናል አልኩ፤ ግን ስልኩ ዓይኗ ሥር ነው። እንደገና ደወልኩ። ከዚያ ጻፍኩ። አውራ ጣቴ ሁለት ጊዜ ተሳስቶ ሁለት ጊዜ አጠፋሁት።

«አክስቴ፣ መስኮቱ ላይ ነኝ። ቤትሽ ተገኝቷል፣ ቁጥርሽን ይቀበላል። ‹የእህቴ ልጅ ነው› ብለሽ ጻፊልኝ። ሌላ ምንም አትጻፊ። እስከ አሥራ አንድ ብቻ ነው።»

ደረሰ የሚለው ምልክት መጣ። ትንሽ ቆይቶ ሰማያዊ ሆነ፤ አንብባዋለች። መዝጋቢዋም እንድታየው ስልኩን መስኮቱ ጠርዝ ላይ ፊቱን ወደ ላይ አድርጌ አስቀመጥኩት፤ ሁለታችንም፣ እሷ ከዚያ ማዶ እኔ ከዚህ፣ አጎንብሰን ጠበቅን። የስልኩ መስታወት እየጨለመ ሲሄድ በጣቴ እነካዋለሁ፣ ተመልሶ ይበራል። ከመልእክቴ ሥር ምንም የለም። የግድግዳው ሰዓት አሥራ አንድ ሲል መዝጋቢዋ «ዘጋ» አለች፣ ለእኔ ሳይሆን ለኮምፒውተሩ የምትናገር በሚመስል ድምፅ፤ እኔ ግን ስልኩን አላነሣሁም፣ ጣቴን እንደገና አሳረፍኩበት።